ዳኛውን ማን ይዳኘው?

ከወረታ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚያቀናው መንገድ የፎገራን ሜዳ ከኋላው ትቶ ደጋውን ይወጣል። ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፣ እስከ ጣና ዳር የተንጣለለው ይህ ሜዳ ዛሬ በሩዙ ይታወቃል፤ በጥንቱ ዘመን ግን ዝናው በከብቱና በእህሉ ነበር። ከብትና እህል ባለበት ደግሞ ጦር መስፈሩ አይቀርም። ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት ክርክር በተነሳ ቁጥር የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስን ሕይወት በዚህ አገር ገበሬ ዓይን መመርመር ይገባል የምንለው ስለዚህ ነው።

በዘመነ መሳፍንት የገበሬው ዕጣ ምን እንደነበረ አይዘነጋም። አንዱ መስፍን ሌላውን ሊወጋ ሲዘምት የሚበላው የገበሬውን ጎተራ፣ የሚነዳው የገበሬውን በሬ ነበር። ወታደርና ወንበዴ የሚለዩት በስም ብቻ ሆኖ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቋራው ካሣም የሥልጣን ጉዟቸውን የጀመሩት በሽፍትነት ነው። ይሁን እንጂ ከዘረፋው ያገኙትን ገንዘብ ለገበሬው መቆፈሪያ እንዲገዛበት ማከፋፈላቸውን ታሪካቸውን የጻፉ መዝግበውታል። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ነሱ። በ1847 ዓ.ም. ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፈው ዘውድ ጫኑ።

ንጉሡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያሰቡት ከዘመናቸው የራቀ ነበር። ወታደሩ ከዝርፊያ ይልቅ በደመወዝ እንዲኖር፣ የባሪያ ንግድ እንዲቀር፣ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተረፈው መሬት ለገበሬ እንዲሰጥ ደከሙ። የመሬቱ ጉዳይ ከካህናቱ ጋር አጣላቸው፤ አቡነ ሰላማም ታስረው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አረፉ።

ስለ ንጉሡ ፍርድ ከሚተረከው አንዱ የሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ሰው ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ የሚለው አዋጅ በተነገረ ጊዜ፣ በወንበዴነት የታወቁ ሰዎች ቀርበው የአባቶቻቸው ሥራ ዘረፋ በመሆኑ እንዲጸናላቸው ለመኑ። ንጉሡ በሬና ማረሻ ልስጣችሁ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ካሰናበቷቸው በኋላ ፈረሰኛ ልከው አስጨረሷቸው። የወንበዴ ልጅ ወንበዴ መሆን ካለበት፣ የወታደር ልጅም ወንበዴን መግደል አለበት የሚል ነበር ምክንያታቸው።

ይህን ታሪክ ብዙዎች በአድናቆት ያወሩታል። እኛም ከብቱ የተነዳበት ገበሬ በዚያን ዕለት እፎይ ማለቱን አንክድም። ነገር ግን ጥያቄ አለን። ሰዎቹ በዚያች ሰዓት የተቀጡት በሠሩት ወንጀል ነው ወይስ በተናገሩት ቃል? ምስክር ተሰምቷል ወይ? ከመካከላቸው ንጹሕ ሰው ቢኖር ማን ይለየው ነበር?

የዚህ ዓይነቱ ፍርድ መጨረሻ ከዓመታት በኋላ ታየ። በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውዴን በዓመፀኛው ጋረድ ሰዎች እጅ ቆስሎ ሞተ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወዳጃቸው ጆን ቤል ከዚያው ከጋረድ ጋር በተደረገ ውጊያ ወደቀ። ለዚህ በቀል የተማረኩት የጋረድ ተከታዮች በመቶ እየተቆጠሩ ተገደሉ። እጅና እግር መቁረጥ የተለመደ ቅጣት ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች፤ ቤጌምድርም ራሱ ተመዘበረ። ከዝርፊያ ሊያድኑት የተነሱለት ገበሬ በራሳቸው ጦር ተዘረፈ። ገበሬው ሸፈተ፤ ወታደሩም እየከዳ፣ በብዙ አሥር ሺህ ይቆጠር የነበረው ሠራዊት ወደ ጥቂት ሺህ ወረደ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ደብረ ታቦርን ለቅቀው ወደ መቅደላ አመሩ። እዚያም የእንግሊዝ ጦር በቀረበበት ሰሞን፣ በእስላምጌ ገደል በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ተወረወሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግስት፣ ንጉሡ እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ።

ጨካኝ ዘመን ጨካኝ ዳኛ ይሻል የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክራቸውን አናቃልልም፤ መሳፍንቱ በምክር ብቻ ሥልጣን ይለቁ ነበር ብለን አናምንምና። ሆኖም አንድ ልዩነት እንዲታወቅ እንሻለን። በጦር ሜዳ ጠላትን ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ እጁን የሰጠውን ሰው ያለ ፍርድ መግደል ሌላ ነገር ነው። የፎገራ ገበሬ ፈረሰኞቹ ወንበዴውን ሲያሳድዱለት ተደስቶ ይሆናል፤ በኋላ ግን እነዚያው ፈረሰኞች ወደ ራሱ ደጅ ሲመጡ የሚያስቆማቸው ሕግ አላገኘም። ያንን ሕግ የሚያቆም ማንም አልነበረም፤ ሕጉም፣ ከሳሹም፣ ዳኛውም አንድ ሰው ነበሩና።

ስለዚህ ቴዎድሮስን በአንድነት ዓላማቸውና በቆራጥነታቸው እናከብራቸዋለን፤ ስለ ፍርዳቸው ግን ዝም አንልም። ዛሬም ወንጀለኛ ያለ ችሎት ይቀጣ የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ ጠያቂው አስቀድሞ ራሱን በተከሳሹ ቦታ አቁሞ እንዲያስብ እንመክራለን። ዳኛን የሚገዛ ሕግ የሚያስፈልገው ለወንበዴው ሲባል ብቻ አይደለም፤ በሬውንና ጎተራውን ይዞ በሜዳው ላይ ለሚኖረው ሰላማዊ ሰው ጭምር ነው።