መክ ንምር፡ ልዑል አቃጥሎ ወደ ኢትዮጵያ የተሰደደው የሸንዲ ንጉሥ

ካርቱምን ከባሕሪ ከሚያገናኙት ድልድዮች አንዱ መክ ንምር ይባላል። ከኢትዮጵያ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ናይል ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው በዚህ ድልድይ ሥር ያልፋል። በሱዳን የኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስሙን የሚያውቁት የድልድይና የጎዳና መጠሪያ ሆኖ ነው። ባለቤቱ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በአንድ ሌሊት የግብፅን ገዥ ልጅ አቃጥሎ፣ ቀሪ ዘመኑን በኢትዮጵያ ጠረፍ በስደት የኖረ ንጉሥ ነው።

ስሙ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የዐረብኛው ንምር የግዕዙ ነምር፣ የእኛው ነብር ነው። መክ ደግሞ ንጉሥ ማለት ከሆነው መሊክ የመጣ የማዕረግ ስም ነው።

የተዋረደ አባወራ፣ በፈገግታ የተሸፈነ ቂም፣ በግብዣ መካከል የሚመጣ ሞት። ወደ አማርኛ እየተመለሱ በሚቀርቡት የቱርክና የኮሪያ ተከታታይ ድራማዎች ማምሻውን የሚያሳልፍ ተመልካች ይህን ታሪክ ቢሰማ የደራሲ ፈጠራ ሊመስለው ይችላል። ድራማው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀሉ ሲፈጸም ያበቃል። የንምር ታሪክ ከባዱ ክፍል የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ንምር መሐመድ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከጀዓሊን ገዥ ቤተሰብ ተወለደ። መናገሻው ሸንዲ ከካርቱም በስተሰሜን፣ በናይል ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ የንግድ ከተማ ነበረች። እአአ በ1814 ያለፈባት ስዊዘርላንዳዊው ተጓዥ ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት ስለ ገበያዋ በሰፊው ጽፏል። ከሰናር፣ ከግብፅና ከቀይ ባሕር ወደብ የሚመጡ ቅፍለቶች ይገናኙባታል። ግመል፣ ፈረስ፣ ጨርቅና ቅመም ይሸጥባታል፤ ሰውም እንዲሁ። የንምር ሀብት ከዚህ ገበያ የሚገኝ ነበርና፣ ዛሬ በጀግንነቱ ሲወደስ ይህ ጎኑ እምብዛም አይነሣም።

ከወንዙ ማዶ ተቀናቃኙና ዘመዱ መክ መሳዓድ መተማ በተባለች ከተማ ይገዛ ነበር። ይህቺ መተማ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁባት የጠረፏ መተማ አይደለችም፤ በስም ብቻ ይገናኛሉ።

በ1820 የግብፁ ገዥ መሐመድ አሊ ፓሻ ወርቅ እንዲፈልግለትና ለሠራዊቱ የሚሆኑ ባሪያዎችን እንዲሰበስብለት ልጁን እስማኤልን ጦር አስከትሎ ወደ ደቡብ ላከው። እስማኤል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። የሻይቂያ ፈረሰኞች በጦርና በጎራዴ መድፍን ገጥመው ተሸነፉ። ይህን ያየው ንምር በ1821 ሳይዋጋ ገባ። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ የጎንደር ነገሥታት ሲዋጉት የኖሩት የሰናር መንግሥትም እጁን ሰጠ።

የታሰበው ወርቅ ግን አልተገኘም። ጉድለቱን ለመሙላት በሕዝቡ ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ግብር ተጣለ፤ ምሬቱም በናይል ዳር ሁሉ ተስፋፋ።

በ1822 መገባደጃ እስማኤል ወደ ሰሜን ሲመለስ ሸንዲ ላይ ዐረፈ። ንምርን አስጠርቶም በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ገንዘብና ባሪያዎች እንዲያቀርብ አዘዘው። መጠኑ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ ሊሟላ የማይችል እንደነበረ ግን ሁሉም ይስማማሉ። ንምር አገሩ ይህን እንደማይችል ሲያስረዳ፣ እስማኤል በያዘው የትንባሆ ፒፓ በሰዎች ፊት መታው።

ንምር ንዴቱን ዋጥ አድርጎ እሺ አለ። ድግስ ደገሰ፤ ለፈረሶቹ መኖ በሚል እንግዶቹ ባረፉበት ቤት ዙሪያ ድርቆሽ አስከመረ። ሌሊት እሳት ተለኮሰ። እስማኤልና አጃቢዎቹ እዚያው አለቁ።

በካይሮ የሚወደው ልጁን ሞት የሰማ አባት ነበር፤ በኮርዶፋን ደግሞ የሟች እህት ባል። መሐመድ ቤይ ኹስረው የመሐመድ አሊ አማች ሲሆን፣ የሚታወቀው ደፍተርዳር በሚለው ማዕረጉ ነው። ቃሉ የሒሳብ መዝገብ ሹም ማለት ነው፤ የእኛው ደብተርም የዚያው ቃል ዘመድ ነው። ኮርዶፋንን የያዘው እርሱ ነበርና ለበቀል ወደ ናይል ገሠገሠ።

መጀመሪያ መተማ ተቃጠለች፤ ሸንዲም ፈረሰች። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት ተማረኩ። ከነዚህ መካከል ድርቆሹን ያላዩ፣ ስለ ድግሱም ያልሰሙ ብዙዎች ነበሩ። ደፍተርዳር እስከ ዛሬ በሱዳን የጭካኔ ምሳሌ ሆኖ ይነሣል። የሚፈልገውን አንድ ሰው ግን አላገኘውም።

ንምር የጀዓሊን ተዋጊዎቹን አሰልፎ ቢገጥምም ተሸነፈ፤ ቤተሰቡንና ተከታዮቹን ይዞ ወደ ምሥራቅ ሸሸ። በመጨረሻም በወልቃይት ቆላ፣ በሰቲት አካባቢ ማይ ጉባ በተባለ ስፍራ ሰፈረ። ኢትዮጵያ በዘመነ መሳፍንት ነበረች። ከግብፅ ጦር ጋር የሚዋሰኑት የሰሜን ገዥዎች በጠረፉ ላይ የግብፅ ጠላት መስፈሩን አልጠሉትም። እንግዳ መቀበል የአገሩ ባህል ቢሆንም፣ ስሌትም ነበረበት።

ስደተኛው ንጉሥ ግብፆች ወደያዙት ግዛት ዘመቻ እያደረገ፣ ሌሎች ከግብር የሸሹ ሰዎችን እየተቀበለ ኖረ። ሸንዲን እንደገና ሳይገዛ በስደት ሞተ። በ1862 በአካባቢው ያለፈው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ያገኘው ልጁን ነው። ልጅየውም መክ ንምር እየተባለ ይጠራ፣ ለዐፄ ቴዎድሮስም ይገብር ነበር። ግብፆች በየጊዜው መንደሮቹን ያቃጥላሉ፤ እርሱም በተራው የእነርሱን ይወርራል። እስማኤል ከሞተ አርባ ዓመት ሊሞላ ነበር።

ሸንዲ ከዚያ ወዲህ የቀድሞ ገናናነቷን አላገኘችም። ግብፆች በሁለቱ ወንዞች መገናኛ የጦር ሰፈር አቆሙ። ሰፈሩ ከተማ ሆነ፤ ከ1820ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም እየሰፋ የአገረ ገዥዎቹ መቀመጫ፣ የንግዱም ማዕከል ሆነ፤ ካርቱም።

የንምር ስም ያለበት ድልድይ የቆመው በዚህች ከተማ ነው። እአአ ሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲፈነዳ ካርቱምንና ባሕሪን የሚያገናኙ ድልድዮች የውጊያ ቦታ ሆኑ። የሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎች ጓዛቸውን ጥለው ወጡ። አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር በምሥራቅ በኩል፣ በጠረፏ መተማ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ብዙዎች ደግሞ ናይልን ተከትለው ወደ ሰሜን ተጓዙ፤ ከተቀበሏቸው ከተሞች አንዷም ሸንዲ ነበረች።