ጆን ሀቺንሰንና የሳንባ መለኪያው

ማናቸውም ልኬት ሁለት ነገሮችን ይሻል። አንደኛው ንባቡን የሚሰጠው መሣሪያ ሲሆን ሁለተኛው ንባቡ የሚነጻጸርበት ደረጃ ነው። መሣሪያው የቱንም ያህል ቢሠለጥን፣ ደረጃው ከተዛባ ፍርዱም ይዛባል። የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ሀቺንሰን ታሪክ ይህንኑ ስለሚያስረዳ ለሙያ ባልደረቦቻችን በአጭሩ ቀርቧል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀቺንሰን በ1811 በሰሜን እንግሊዝ፣ የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት በኒውካስል አካባቢ፣ ራይተን በተባለች መንደር ተወለደ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሕክምና ተምሮ በኋላ ብሪታኒያ ለተባለ የሕይወት መድን ኩባንያ በሐኪምነት አገለገለ። በዚያ ዘመን ሳንባ ነቀርሳ ብዙ ሕዝብ ይፈጅ ነበር። ሐኪም ደረትን በጣቱ መትቶና በማዳመጫ አድምጦ ይገምት ነበር እንጂ የሚመካበት ቁጥር አልነበረውም። የመድን ኩባንያው ግን ውል ከመፈረሙ በፊት የሰውየውን ጤንነት ማወቅ ይፈልግ ነበር።

ሀቺንሰን ለዚህ ችግር ያቀረበው መፍትሔ የመሐንዲስ መፍትሔ ነው። ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ታችኛው አፉ ክፍት የሆነ በርሜል መሰል ዕቃ ደፋ፤ የዕቃውንም ክብደት በመዘውር ላይ በተንጠለጠለ ሌላ ክብደት አመጣጠነ። ተመርማሪው አየር እስኪበቃው ስቦ በቱቦው ውስጥ ሲተነፍስ የተደፋው ዕቃ ከውሃው ከፍ ይላል፤ ከፍታውም በመስፈሪያው ላይ ይነበባል። መሣሪያውን ስፓይሮሜትር፣ ሰው እስከ መጨረሻው ስቦ እስከ መጨረሻው የሚያወጣውን የአየር መጠን ደግሞ ቫይታል ካፓሲቲ ብሎ ሰየመ። ምንም ያህል ቢተነፍሱ ከሳንባ የማይወጣ ቀሪ አየር መኖሩንም ለይቶ አመልክቷል።

ሆኖም የሀቺንሰን ታላቅ ሥራ ገንዳው ሳይሆን መዝገቡ ነው። በ1846 ባሳተመው ጥናት የ2,130 ሰዎችን ልኬት አቀረበ። ከእነዚህም መካከል መርከበኞች፣ ፖሊሶች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ወታደሮች፣ አታሚዎች፣ ቦክሰኞች፣ ድኾችና ባለጸጎች ይገኙባቸዋል። የሳንባው ልክ ከቁመት ጋር በቀጥታ እንደሚያድግ፣ በእያንዳንዱ ኢንች ቁመት 8 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 130 ሚሊ ሊትር ገደማ እንደሚጨምር አሳየ። ዕድሜ ሲገፋም እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ቁጥሩ ከዚህ ወዲህ ትርጉም አገኘ፤ የአንድን ሰው ንባብ በቁመቱና በዕድሜው ከሚጠበቀው ጋር ማመዛዘን ተቻለ።

የዚህም ጥቅም ፍሪማን በተባለ በጣም ረጅም አሜሪካዊ ቦክሰኛ ታየ። ሀቺንሰን ሰውየውን በ1842 ለክቶ በ1844 ደግሞ ሲለካው ልኩ በእጅጉ ቀንሶ አገኘው። ፍሪማን በ1845 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ሀቺንሰን ይህን ሁሉ ካከናወነ በኋላ በ1852 አገሩን ትቶ ወርቅ ወደሚቆፈርባት አውስትራሊያ ተሻገረ። በመጨረሻም ወደ ፊጂ ደሴቶች ሄዶ በ1861፣ በ50 ዓመት ዕድሜው ገደማ፣ በዚያው አረፈ።

መሣሪያው ግን ቀጠለ። በ1947 ፈረንሳዊው ቲፍኖ በመጀመሪያው ሴኮንድ የሚወጣውን አየር መለካት በማስተዋወቁ የጠበበ የአየር መተላለፊያ ያለባቸውን ሕሙማን መለየት ተቻለ።

ይሁን እንጂ ደረጃው ተዛባ። በአሜሪካ በ1869 የታተመ የወታደሮች ልኬት የጥቁሮችን ሳንባ ከነጮቹ አነስተኛ አድርጎ አቀረበ። ለልዩነቱ የኑሮና የሥራ ሁኔታ ምክንያት መሆን አለመሆኑ በቅጡ ሳይመረመር ጥቁሮች ሲለኩ የሚጠበቀውን ልክ በመቶ ከ10 እስከ 15 ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ ከጊዜ በኋላ በመሣሪያዎቹ ውስጥ ገባ። በዚህም ሳንባው በሥራ የተጎዳ ጥቁር ሠራተኛ፣ በንባቡ ጤነኛ መስሎ ሊታይና ካሣውን ሊያጣ ይችል ነበር። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር ዘርን ያልለየ ስሌት ሥራ ላይ እንዲውል ያሳሰበው በ2023 ነው።

እኛም ከውጭ በሚመጣ መሣሪያ ስንለካ መርፌው ማመልከቱን ብቻ አይተን ማለፍ አይገባንም። የሚጠበቀው ልክ በማን ላይ ተለክቶ እንደተገኘ መጠየቅ ሀቺንሰን 2,130 ጊዜ የደከመበት ቁም ነገር ነው።