አንትዋን ዳባዲ፤ ተራራን በፈላ ውሃ የለካ ሰው

የኬሚስትሪ ትምህርት የሚጀምረው ቀለሙን በሚለዋውጥ ፈሳሽ ወይም በሚፈነዳ ጋዝ አይደለም፤ በመለካት ነው። መምህራኖቻችን መዝኑ፣ ስፈሩ፣ የሙቀቱን ልክ አንብቡ፣ ያያችሁትንም ወዲያው ጻፉ ይሉናል። ይህ ሥራ ለብዙ ጀማሪ ተማሪ አሰልቺ ሆኖ ይታየዋል። ዳሩ ግን ይኸው የመለካትና የመጻፍ ልማድ የአንድን ሰው ስም ከሐሰተኛነት ክስ ያዳነበት ታሪክ አለ፤ የተለካውም የእኛው አገር ምድር ነው። ስለዚህ የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ለጓደኞቻችንና ለወላጆቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንትዋን ዳባዲ በ1810 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ በደቡብ ፈረንሳይ ከሚገኘው ከባስክ አገር የመጡ፣ እናቱም የአየርላንድ ተወላጅ ነበሩ። ገና ልጅ ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ስለ ተመለሰ ትምህርቱን በዚያ ተከታተለ። ለተፈጥሮ ሳይንስ በነበረው ፍቅር ምክንያት የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ለምርምር ወደ ብራዚል ላከው። ከዚያም ከተመለሰ በኋላ ታናሽ ወንድሙን አርኖን አስከትሎ በ1838 መጀመሪያ ምጽዋ ደረሰ።

ወንድማማቾቹ ወደ ውስጥ አገር ዘልቀው ጎንደር ገቡ። አንትዋን በዚያ አንድ ነገር ተገነዘበ፤ ይኸውም አገሩ ሰፊ፣ ተራራው ብዙ ሲሆን፣ የያዛቸው መሣሪያዎች ግን ላሰበው ሥራ የማይበቁ መሆናቸውን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ግምቱን እየጻፈ መንገዱን በቀጠለ ነበር። እርሱ ግን ወንድሙን በአገሩ ትቶ ወደ አውሮፓ ተመለሰና የተሻሉ መሣሪያዎችን ይዞ በ1840 እንደ ገና መጣ። ያን ሁሉ በረሃና ባሕር ደግሞ ማቋረጡ መልካም መለኪያ ለማግኘት ሲል ነበር።

በዚያ ዘመን በአገራችን መንገድ የሚቆጠረው በቀን ጉዞ፣ ጨርቅ የሚለካው በክንድ፣ እህልም የሚሰፈረው በቁና ነበር። እነዚህ መለኪያዎች ለኑሮና ለገበያ ያገለግላሉ። ነገር ግን የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ አንድ አይደለም፤ በበቅሎ የሚሄድ ሰውና ሸክም የተሸከመ ሰውም በአንድ ቀን እኩል መንገድ አይሄዱም። እንግዲህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። በምን እንደ ተለካ አብሮ መጻፍ አለበት፤ መለኪያውም በጎንደር ሆነ በፓሪስ፣ በማንም ሰው እጅ ቢሆን አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሜትር፣ ግራምና ሊትር የተደነገጉት ለዚህ ነው።

ዳባዲ የተራሮችን ከፍታ ለመለካት ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ በጣም ያስደንቃል፤ ውሃ እያፈላ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ያነብ ነበር። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን ግን በላያችን የሚጫነን አየር እየቀነሰ ስለሚሄድ ውሃው ሳይቸገር ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል።

ይህንን በራሳችን አገር ብንመለከተው የበለጠ ይገባናል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ገደማ ነው። በጨንቻ ደጋ፣ በ2,700 ሜትር ገደማ፣ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በደጋው ድንችና ባቄላ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ እሳቱ ቢበረታም የሚፈላው ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። አባያን ቁልቁል የምትመለከተው ኦቾሎ በከፍታዋ ከሁለቱ መካከል ስለምትገኝ የፈላ ውሃዋም ሙቀት ከሁለቱ መካከል ነው። ቁጥሩን ግን ከዚህ አንጽፍም፤ ቴርሞሜትር ይዞ አቀበቱን የሚወጣ ተማሪ ያምጣልን።

ዘዴው ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በመጀመሪያ ቴርሞሜትሩ የሚያዘው ከውሃው በላይ በእንፋሎቱ ውስጥ ነው፤ በውሃው ውስጥ ጨው ወይም ሌላ ነገር ሟሙቶ ከሆነ የውሃውን ሙቀት ከፍ ያደርገዋልና። ሁለተኛ፣ አንድ ዲግሪ 300 ሜትር ያህል ከሆነ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ስሕተት 30 ሜትር ያህል ያሳስታል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው እስከ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ብቻ ሆኖ ሳለ የተራራውን ከፍታ እስከ ሴንቲሜትር ድረስ አስልቶ የሚጽፍ ሰው፣ ሒሳቡ ልክ ቢሆንም እንኳ፣ መሣሪያው ያልነገረውን ይናገራል። ሦስተኛ፣ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ተለክቶ ሦስቱ ቁጥሮች ቢቀራረቡ መልካም ምልክት ነው፤ ቢሆንም መሣሪያው ራሱ የተዛባ ከሆነ ሦስቱም ተቀራርበው አብረው ይሳሳታሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ አስገብቶ ዜሮ ማሳየቱን መመርመር ነው።

የቦታዎችን አቀማመጥ ደግሞ በማዕዘን ይለካ ነበር። ከአንድ ኮረብታ ላይ ሆኖ በዙሪያው የሚታዩትን ተራሮች አቅጣጫ ቴዎዶላይት በሚባለው መሣሪያ ያነብባል፤ ወደ ሌላ ኮረብታ ተሻግሮም እነዚያኑ ተራሮች እንደ ገና ያነብባል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የተራራው ስፍራ ነው። በሦስተኛ ኮረብታ ላይ ሲደግመው ሦስተኛው መስመር በዚያው ነጥብ ካለፈ ሥራው ትክክል ነው፤ ካላለፈ አንዱ ንባብ ተሳስቷል ማለት ነው። ዳባዲ በዚህ መንገድ ከምጽዋ ጀምሮ እስከ ከፋ ድረስ ከ300 በሚበልጡ ስፍራዎች ላይ ቆሞ ለካ፤ የከ800 በላይ ቦታዎችንም አቀማመጥ ወሰነ። ፀሐይንና ከዋክብትንም እየተመለከተ ሥራውን ከሰማይ ጋር ያመሳክር ነበር።

በ1843 ወደ ሊሙ እናርያ ሄደ። የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ወደ ከፋ ከሚሄዱ መልእክተኞቻቸው ጋር ስለ ሰደዱት በዚያው ዓመት መጨረሻ ቦንጋ ገብቶ ጥቂት ቀኖች ቆየ። ከዚያም ሥራውን ቀጥሎ በ1848 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ።

በአውሮፓ ግን ክርክር ቆየው። ጎጃምን የጐበኘው እንግሊዛዊ መንገደኛ ቻርልስ ቢክ፣ ዳባዲ ከፋን በዓይኑ አላየም፣ ጉዞው ፈጠራ ነው ብሎ በ1850 በጽሑፍ ከሰሰው። የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለዳባዲ ወንድማማቾች ሜዳልያ መስጠቱን በመቃወምም ቢክ ከዚያው ማኅበር ያገኘውን የራሱን ሜዳልያ መለሰ። ዳባዲ በኢትዮጵያ ሳለ በመኳንንቱና በሚስዮናውያኑ ጉዳይ ውስጥ ይገባ ስለ ነበር የሚጠሉትም አልጠፉም። ለአንድ የሳይንስ ሰው ሐሰተኛ ከመባል የበለጠ ምን ውርደት አለ? ዳባዲ ግን የመስክ መዝገቡ በእጁ ነበር። እያንዳንዱን ንባብ ከ1860 እስከ 1873 ድረስ ባሳተመው የኢትዮጵያ ምድር ልኬት መጽሐፉ ውስጥ ለሁሉ ዘርግቶ አሳየ። ከእርሱ በኋላ የሄዱ መንገደኞችም ተራሮቹንና ወንዞቹን እርሱ በጻፈበት ስፍራ አገኙአቸው፤ እምነት የሚጣልበት ሰው መሆኑም ታወቀለት።

ይሁን እንጂ ዳባዲም ተሳስቶአል። የግቤ ወንዝ፣ ማለት የኦሞ ወንዝ፣ ወርዶ ወርዶ የነጭ ዓባይ ራስ ይሆናል ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። በ1846 ከወንድሙ ጋር የግቤን ምንጭ ባገኘ ጊዜም የዓባይን ምንጭ ያገኘ መስሎት ነበር። ነገር ግን የኦሞን መጨረሻ ተከትሎ አልለካውም። በ1896 አባያን ያየው የጣልያኑ ቪቶሪዮ ቦቴጎ ጓድ በዚያው ዓመት ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ወንዙ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። ነገሩን ልብ ብለን እንመልከት፤ ዳባዲ በለካው ነገር እውነተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ሳይለካ በገመተው ነገር ተሳሳተ። ሰውየው ያው አንድ ሰው፣ እውቀቱም ያው አንድ እውቀት ነበር፤ ልዩነቱ የመለኪያው መኖርና አለመኖር ብቻ ነው። እርሱም ልዩነቱን ያውቅ ስለ ነበር በ1890 ስለ ኢትዮጵያ ጂኦግራፊ ያሳተመው መጽሐፍ ርእስ በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው የሚለይ ነው።

በኋለኛው ዘመኑ በፈረንሳይና በእስፓኝ ወሰን፣ በአንዳይ ከተማ አጠገብ፣ በባሕር ዳር ታላቅ ቤት ሠራ። ግድግዳውን በኢትዮጵያ ኑሮ ሥዕሎችና በአማርኛ ፊደል አስጌጠው። የከዋክብት መመልከቻም አቆመበት፤ የመመልከቻውም መሣሪያ ቀጥታ ማዕዘንን በ90 ሳይሆን በ100 የሚከፍል ነበር፤ ዳባዲ ሁሉ ነገር በአሥር እንዲከፈል ይወድ ነበርና። የብርሃንን መታጠፍ ለማጥናትም የቤቱን ግድግዳዎች አስበስቶ ሩቅ ያለውን ተራራ በቀዳዳው ለማየት ሞከረ። ተራራው ግን አልታየም። ቀዳዳውን ደፍኖ ነገሩን አልሸሸገውም፤ ምንም እንዳልታየ፣ ምንም ትምህርት እንዳልተገኘ የሚገልጽ ቃል በባስክ ቋንቋ በላዩ አስቀረጸ።

ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍትን ከኢትዮጵያ ሰብስቦ በ1859 ዝርዝራቸውን አሳተመ፤ መጻሕፍቱም ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1881 የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። በ1897 በ87 ዓመቱ ሲሞት ቤቱን ለሳይንስ አካዳሚ ያወረሰው በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅበት በሚል ውል ነው። ውርሱም እንኳ የመለካት ሥራ ሆነ።

ውድ ጓደኞቻችን! እኛ በቤተ ሙከራችን የምንለካው ጥቂት ግራም ጨውና ጥቂት ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። ሕጉ ግን ዳባዲ በተራራ ላይ የጠበቀው ሕግ ነው። የተለካውን ከተገመተው እንለይ፤ ከቁጥሩ ጋር መለኪያውን እንጻፍ፤ መሣሪያችን ከሚያሳየው በላይ አንናገር፤ ሙከራችን ባይሳካም አልተሳካም ብለን በደብተራችን እናስፍር። ከጎረቤት ደብተር የተገለበጠ ቁጥር ለአንድ ቀን ማርክ ያስገኝ ይሆናል፤ ክርክር በመጣ ጊዜ ግን የሚቆመው በእጃችን የለካነው ብቻ ነው።