ፍራንክ ሹማንና የፀሐይ ኃይል

የፀሐይ ብርሃን በየቤቱ መስኮት ያለ ዋጋ ይገባል። ብርሃኑን ይዞ ለሥራ ማዋል ግን ብልሃትም ገንዘብም ይጠይቃል። ይህን በሚገባ ከተረዱት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ፍራንክ ሹማን ነበር።

ሹማን እ.ኤ.አ. በ1862 በኒው ዮርክ ግዛት በብሩክሊን ተወለደ። ስሙ በመጀመሪያ የታወቀው በመስተዋት ሥራ ነው። በዚያ ዘመን የመስኮትና የጣራ መስተዋት ሲሰበር ስብርባሪው ሰው ያቆስል ነበር። ሹማን መስተዋቱ ገና ትኩስና ለስላሳ ሳለ የሽቦ መረብ በውስጡ የሚቀበርበትን ዘዴ ፈለሰፈ፤ በዚሁ አቆጣጠር በ1892 የፈጠራ ባለመብትነት ተሰጠው። በኋላም በፊላዴልፊያ ከተማ፣ ታኮኒ በተባለው ሰፈር፣ የምርምር ቦታ አቋቋመ።

ፀሐይ በመስኮት የገባችበት ዝግ ክፍል እንደሚሞቅ ሁሉ፣ በመስተዋት የተከደነ ሣጥንም ሙቀትን ይዞ ያስቀራል። ሹማን ይህን መሠረት አድርጎ በ1907 በእንዲህ ያሉ ሣጥኖች ውስጥ ጥቁር ቱቦዎችን ዘረጋ። በቱቦዎቹም ውስጥ ከውሃ ባነሰ ሙቀት የሚፈላውን ኤተር ጨመረ፤ የኤተሩም ተን አንድ ትንሽ ሞተር አንቀሳቀሰ። ነገር ግን የሞተሩ መንቀሳቀስ ብቻ አላረካውም። ከፀሐይ የሚገኘው ኃይል በዋጋ ከድንጋይ ከሰል ጋር ካልተወዳደረ ገዢ እንደማያገኝ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ፀሐይ የበዛበትና ከሰል የተወደደበት አገር ፈለገ፤ ምርጫውም በግብፅ ላይ ወደቀ። ግብፅ ከሰሉን ከእንግሊዝ በመርከብ ታስመጣ ነበርና። በ1913 ከካይሮ አጠገብ፣ በዓባይ ዳር በምትገኘው በመዓዲ፣ እያንዳንዳቸው 62 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው 5 አንጸባራቂ ገንዳዎች ሥራ ጀመሩ። ገንዳዎቹ ፀሐይን እየተከተሉ በመዞር ብርሃኗን በመካከላቸው በተዘረጋው የውሃ ማፍያ ላይ ያሰባስቡ ነበር። የተገኘው እንፋሎት ከ50 የፈረስ ጉልበት በላይ ኃይል ሰጥቶ የዓባይን ውሃ ወደ እርሻ ሳበ።

ሆኖም በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። መሐንዲሶቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ መሣሪያውም ፈረሰ። ሹማን የጦርነቱን ፍጻሜ ሳያይ በ1918 አረፈ። ከእርሱም በኋላ ርካሽ የነዳጅ ዘይት ስለ ተስፋፋ ሥራው ለብዙ ዘመን ተረሳ።

ዛሬ የፀሐይን ብርሃን ያለ እንፋሎት በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ መሣሪያዎች፣ ለቤት መስኮት የሚሆኑ መስተዋቶች ሳይቀሩ፣ ተሠርተዋል። እንዲህ ያለው መስኮት ግን ሁለት ሥራ አለበት፤ ወደ ክፍሉ ብዙ ብርሃን ባሳለፈ መጠን ለኤሌክትሪክ የሚቀረው ያንሳል። ደግሞም ቀጥ ብሎ ስለሚቆም፣ ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች እኩለ ቀን ላይ ከአናት የምትወርደውን ፀሐይ እንደ ጣራ አይቀበልም። ስለዚህ ሹማን በከሰል ዋጋ የመዘነው ጥያቄ ዛሬም በእያንዳንዱ መስኮት ፊት ይቆማል፤ የሚገኘው ኃይል ለመሣሪያው የወጣውን ገንዘብ ይመልሳልን?