ዘር ለማዳን የኖሩት ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል በቀላሉ አይነካም። ክፉ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ ፍየሉን፣ ቀጥሎም ወይፈኑን ይሸጣል፤ የዘር ጎታውን የሚከፍተው ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት ነው። ዘሩን የበላ የመጪውን ዓመት አዝመራ አብሮ እንደበላ ያውቃልና። ይህን የገበሬ ጥበብ የሳይንስ ሥራ አድርገው ለዓለም ካሳዩት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፕሮፌሰር ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው። እኚህ ሰው አገራችንን በበቅሎ ተዘዋውረው ያዩ፣ የገበሬዎቻችንንም ማሳ ለዓለም ያስተዋወቁ በመሆናቸው የሕይወት ታሪካቸው ለእኛም ቅርብ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለባቸው በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ኒኮላይ ገና ሕፃን ሳሉ፣ በ1891 እና በ1892፣ ሩሲያን ከባድ ረሃብ መትቷት ነበር። ረሃብ በዚያች አገር እየተመላለሰ ሕዝብ የሚፈጅ ጠላት ነበርና፣ ወጣቱ ኒኮላይ በ1906 የሞስኮ ግብርና ኢንስቲትዩት ገቡ። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የመረጡት ርዕስ ሰብል የሚያጠፋውን ዛጎል የሌለውን ቀንድ አውጣ የሚመለከት ነበር።

ከዚያም በ1913 ወደ እንግሊዝ ተጉዘው ከታዋቂው የዘር ውርስ ሊቅ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማሩ። ዋናው ጥያቄያቸው ለገበሬ እንግዳ ያልሆነ ነው። በአንድ ማሳ ላይ አንዱ የስንዴ ዓይነት በዋግ ሲመታ ሌላው ስለምን ይተርፋል? መልሱ በዘሩ ውስጥ እንዳለ ተረዱ። በሽታን፣ ድርቅንና ውርጭን የሚቋቋም ዘር የሆነ ቦታ፣ በሆነ ገበሬ ማሳ ላይ ይገኛል፤ ሄዶ መፈለግ ያስፈልጋል ብለው ተነሡ።

የመጀመሪያው ጉዞ

በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፋርስ የዘመቱ የሩሲያ ወታደሮች የአካባቢውን ዳቦ በበሉ ቁጥር እንደ ሰከረ ሰው ይሆኑ ነበር። ምክንያቱን እንዲያጣሩ የተላኩት ቫቪሎቭ ነበሩ። ስንዴውን ሲመረምሩ ብዙ እንክርዳድ ተቀላቅሎበት አገኙ። እንክርዳዱም በሻጋታ የተለከፈ ነበር። እንክርዳድ የበዛበት እንጀራ ራስ እንደሚያዞር ለሚያውቀው አንባቢያችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቫቪሎቭ ግን በዚያው ጉዞ የፋርስንና የፓሚር ተራሮችን ሰብል ሰብስበው ተመለሱ።

በ1917 በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆኑ። ጥቂት ዓመታት ቆይተውም በፔትሮግራድ፣ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፣ የሚገኘውን የዕፅዋት ምርምር ተቋም መምራት ጀመሩ። ከዚያም አፍጋኒስታንን፣ የሜዲትራኒያን አገሮችን፣ ቻይናን፣ ጃፓንን፣ ሜክሲኮንና የደቡብ አሜሪካን አገሮች አዳረሱ። ተቋሙ በ1940 ወደ 250,000 የሚጠጋ የዘር ናሙና ነበረው። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ይህን የሚያህል ስብስብ አልነበረም።

ቫቪሎቭ በኢትዮጵያ

ወደ አገራችን የመጡት በ1919 ዓ.ም. ነው። ከጂቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ገብተው፣ ሐረርን አይተው አዲስ አበባ ደረሱ። በወቅቱ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ መኮንን ጋርም ተገናኙ። ከዚያ በበቅሎ ወደ ሰሜን ተጉዘው በጣና፣ በጎንደርና በአክሱም አድርገው አስመራ ገቡ። በየመንገዱ ከማሳና ከገበያ ብዙ ሺህ ናሙና ሰበሰቡ።

ያዩት ነገር አስደነቃቸው። በሌላ አገር በሰፊ ግዛት የማይገኝ የስንዴና የገብስ ዓይነት እዚህ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ተሰባጥሮ ይበቅላል። ጢም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ ሳይቀር አገኙ። ጤፍ፣ ኑግና እንሰትም መነሻቸው እዚሁ የሆኑ የእኛው ሰብሎች ነበሩ። ስለዚህ ኢትዮጵያን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ ብለው መደቧት። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የተላመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑ በኋላ ቢረጋገጥም፣ አገራችን የብዝኃ ዘር ሀብታም መሆኗ ዛሬም አላከራከረም። ይህን ሀብት ያቆየውም በደጋውና በወይና ደጋው ዘሩን እየመረጠ ለልጁ ያወረሰው ገበሬ ነው።

የመከራ ዘመን

በሶቪየት ኅብረት የገበሬው መሬትና ከብት በግዳጅ ወደ ጋራ እርሻ ከገባ በኋላ በ1932 እና በ1933 ሚሊዮኖች በረሃብ አለቁ። መንግሥት ፈጣን መፍትሔ ፈለገ። አዲስ ዝርያ ማውጣት ግን ብዙ ዓመታት ይፈጃል፤ ቫቪሎቭም ይህንኑ በግልጽ ይናገሩ ነበር። በዚህ መካከል ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ባለሙያ ዘርን በማቀዝቀዝና በመሳሰለው ዘዴ የሰብልን ባሕርይ በአጭር ጊዜ እለውጣለሁ ብሎ ተነሣ። የዘር ውርስን ሳይንስ አጣጣለ፤ የስታሊንንም ድጋፍ አገኘ። ቫቪሎቭ የሥራ ቦታቸውንና ሕይወታቸውን አደጋ ላይ እንደሚጥል እያወቁ እውነት ነው ያሉትን ሳይንስ አልካዱም።

በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳሉ ተያዙ። በአሻጥርና በስለላ ተከሰው በ1941 ሞት ተፈረደባቸው። በ1942 ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። ጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት፣ በወጣትነታቸው ባስተማሩባት ከተማ፣ በምግብ እጦት ተዳክመው በ55 ዓመታቸው አረፉ። ረሃብን ለማጥፋት ዓለምን የዞሩ ሰው በረሃብ ሞቱ።

ዘሩን የጠበቁት

እሳቸው በታሰሩበት ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። ከበባው ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ቆየ። የተቋሙ ሠራተኞች ስንዴ፣ ሩዝ፣ ኦቾሎኒና ባቄላ ከሞላው ግምጃ ቤት አጠገብ ተቀምጠው ተራቡ። ዘሩን ግን አልበሉትም። የሩዝ ስብስብ ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭና የኦቾሎኒው ተመራማሪ አሌክሳንደር ሹኪን በረሃብ ከሞቱት መካከል ናቸው። ኢቫኖቭ ሲሞቱ በሺህ የሚቆጠር የሩዝ ናሙና በእጃቸው ሳይጎድል ተገኝቷል።

የሶቪየት ፍርድ ቤት ቫቪሎቭን ከክሱ ሁሉ ነፃ ያደረጋቸው በ1955 ነው። ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ለእኛ የተረፈው

በአገራችን የጂን ባንክ የተቋቋመው በ1976 ሲሆን ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ገበሬው ዘሩን ለመብላት በተገደደበት ወቅት በዶክተር መላኩ ወረደ የሚመሩ ባለሙያዎች የአገር ዝርያዎችን ከጥፋት ለማትረፍ ተሯሩጠዋል። ጥቅሙ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ገብስን አቢጭቶ የሚያቀጭጭ ቫይረስን የሚቋቋመው ባሕርይ ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ የካሊፎርኒያን ገብስ ታድጓል።

እኛ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ምርጥ ዘር ይዘን ወደ ገበሬው እንሄዳለን፤ ምርጥ ዘር ምርት እንደሚጨምርም በማሳ ላይ ያየነው ነው። ነገር ግን ምርጥ ዘር ራሱ የሚወጣው ከአገር ዝርያ ነው። አዲስ የዋግ ዓይነት በመጣ ቁጥር ተመራማሪው መድኃኒቱን የሚፈልገው እዚያው ነው። የአገሩ ዘር ከጠፋ ፍለጋው የሚጀመርበት ቦታ የለም።

በመሆኑም መሠረታዊ ማኅበራት የዘር ብዜት ዕቅድ ሲያወጡ ለአካባቢው ነባር ዝርያም ጥቂት ጥማድ መሬትና አንድ የመጋዘን ጥግ ቢመድቡ፣ ስሙንና ባሕርዩን ከሚያውቁት አባቶችና እናቶች ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ ዩኒየኑም ለዚህ ዘር ገበያ ቢያፈላልግለት ወጪው ትንሽ ነው። የወረዳ አመራሮችም የምርጥ ዘር ስርጭት ኮታን ሲገመግሙ ይህንንም አብረው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ለዩኒየናችን አባላት በሙሉ እንኳን ለምሥረታ በዓሉ አደረሳችሁ። ጎተራችሁ ይሙላ፤ ዘራችሁም አይጥፋ።