ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስና የፍሎረሰንስ ማጣሪያዎች መነሻ

በ1819 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ የተወለዱት ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ ከ1849 አንሥቶ በ1903 እስካረፉ ድረስ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበሩ። ጆን ኸርሸል በ1845 የገለጹት የኩዊኒን ሰማያዊ ፍካት ምክንያቱ ገና አልታወቀም ነበር። ስቶክስ በ1852 ባሳተሙት ጥናት፣ ፈሳሹ ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ የሞገድ ርዝመቱ የበለጠ ብርሃን እንደሚያወጣ አስረዱ፤ ክስተቱንም ፍሎረሰንስ ብለው ሰየሙት።

ደካማው ፍካት በብርቱው ምንጭ እንዳይዋጥ፣ ከናሙናው በፊት አንድ ባለቀለም ማጣሪያ፣ ከናሙናው በኋላ ደግሞ የፊተኛው ያሳለፈውን የሚያግድ ሌላ ማጣሪያ አኖሩ። ዛሬ በባለብዙ ቀለም ማይክሮስኮፒ ለየቀለሙ የሚመረጡት ማጣሪያዎች በዚሁ መርሕ ይሠራሉ። የገቢና የወጪ ሞገዱ ልዩነት ጠባብ የሆነ ቀለም ከምንጩ ብርሃን በቀላሉ አይለይም፤ ወጪ ሞገዳቸው የተደራረበ ቀለሞችም አንዱ በሌላው ማጣሪያ ያልፋሉ። በስቶክስ ስም የሚጠራው ይህ ልዩነት ስለዚህ ከምርጫው መመዘኛዎች አንዱ ነው።