የአንጎልን ሞገድ ያገኘው ሐኪም፤ ሐንስ በርገር

በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የጋልቫኖሜትር መርፌ በጥቂት ኤሌክትሪክ ስትወዛወዝ ያየን እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች፣ ይኸው መሣሪያ የሰውን አንጎል ሥራ ለመመርመር እንዳገለገለ ባወቅን ጊዜ እጅግ ተደነቅን። ስለዚህ የሐንስ በርገርን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

በርገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1873 በጀርመን አገር በኮቡርግ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። እርሱ ግን ወደ ዬና ዩኒቨርስቲ የገባው ሒሳብና የከዋክብትን ትምህርት ለመማር ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ትቶት ለአንድ ዓመት ወታደር ሆነ። ዕድሜው ያን ጊዜ ከእኛ ዕድሜ እምብዛም አይርቅም ነበር። አንድ ቀን በልምምድ ላይ ሳለ ፈረሱ ደንብሮ ጣለውና መድፍ የሚጐትቱ ፈረሶች በሚመጡበት መንገድ ላይ ወደቀ፤ መንኰራኵሩ ሊደፈጥጠው ጥቂት ሲቀረው ቆመ። በዚያው ምሽት ደኅንነቱን የሚጠይቅ ቴሌግራም ከአባቱ ዘንድ ደረሰው። ለካስ እኅቱ ወንድሟ አደጋ ላይ እንደ ሆነ ተሰምቷት አባቷን አላስቀምጥ ብላው ኖሯል። ለእኛ ነገሩ አጋጣሚ ይመስለናል። በርገር ግን ሐሳብን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግር ኃይል በአንጎል ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ብሎ የሕክምናን ትምህርት ጀመረ።

ከ1897 ጀምሮ በዬና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሲሠራ፣ የአንጎልን የደም ዝውውርና ሙቀት እየለካ ብዙ ዓመት ደከመ፤ ያሰበውንም አላገኘም። በራስ ቆዳ ላይ የሚለካው የአንጎል ኤሌክትሪክ የአንዲት ባትሪ ድንጋይ ኃይል በ30,000 ቢከፈል አንዱን እጅ ያህል ነውና፣ በኤሌክትሪክ ነገር እምብዛም ላልተማረ ሰው ሥራው ቀላል አልነበረም። በ1924 ግን የራስ ቅሉ አጥንት በቀዶ ሕክምና ከተነሣለት ወጣት ላይ የመጀመሪያውን ሞገድ አየ። ይህ ምናልባት የጡንቻ ወይም የልብ እንቅስቃሴ እንዳይሆን ስለ ፈራ፣ እስከ 1929 ድረስ ሳያሳትም ቆየ፤ የገዛ ልጁን የክላውስን ራስ ሳይቀር ደጋግሞ ለካ። ዐይን ሲከደን በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ሞገድ ይታያል፤ ዐይን ሲገለጥ ይጠፋል። ጽሑፉ በወጣ ጊዜ ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ። በ1934 በካምብሪጅ የኖቤል ተሸላሚው ኤድጋር ኤድሪያን ከጓደኛው ከማቲውስ ጋር ያንኑ ሞገድ ካሳዩ በኋላ ግን የሚጠራጠር ጠፋ።

የቀረውን ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በርገር፣ ሕመማቸው ለልጅ ይተላለፋል የተባሉ ሰዎች በግድ እንዲመክኑ በሚወስን ፍርድ ቤት ተቀምጦ ፈርዷል። ብዙ ዘመን የናዚዎች ተቃዋሚ ነበር ሲባል ቈይቶ፣ ሰነዶቹ ሲመረመሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። የሕሙማንን አንጎል በዚያን ያህል ትዕግሥት የመረመረ ሰው ይህን እንዴት ቻለ በማለት እርስ በርሳችን ተከራክረን፣ ታሪኩን ከነጕድፉ ለማቅረብ ተስማማን። በ1938 ጡረታ ወጣ፤ በ1941 በጽኑ የመንፈስ ጭንቀት ላይ ሳለ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

ዛሬ ሐኪሞች የሚጥል በሽታን የሚመረምሩት በእርሱ ዘዴ ነው፤ መሐንዲሶችም እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ሰው በአንጎሉ ኤሌክትሪክ ኮምፒዩተር እንዲያዝ ለማድረግ ችለዋል። ከክፍላችን ሁለት ልጆች ይህን ትምህርት ለመከተል ያስባሉ፤ አንደኛው በምሕንድስና፣ ሁለተኛዋ በሕክምና በኩል። በርገር ግን የእኅቱን ቴሌግራም ምሥጢር ከሞገዱ ውስጥ ሳያገኘው ሞተ።